ከአልጋው አጠገብ፦ የአንባቢያን ጥያቄ፣ የሲስተር መልስ

ለዚህ ዕትም ከደሴና ከኮምቦልቻ ከመጡት ደብዳቤዎች አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ብዙ ቦታ ወስዳብኛለች። ሌሎቻችሁ አብሽሩ፣ እደርስላችኋለሁ።

ጥያቄ፦ «ሲስተር እንደምን ሰነበቱ? ደሴ ውስጥ በውስጥ ደዌ ዋርድ የምሠራ ነርስ ነኝ። ከተቀጠርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እያንዳንዱ ዋርድ አንድ የጥራት ማሻሻያ ፕሮጀክት ይሥራ ተባለና እኔ ተወከልኩ። የአልጋ ቁስልን መረጥኩ። በስትሮክ የተኙ አባቶች ወገባቸው ሲላጥ ሳይ አንጀቴን ይበላኛል። ግን ከየት ልጀምር? ባለፈው ጊዜ የእጅ መታጠብ ፕሮጀክት ነበረን። ሥልጠና ተሰጠ፣ ፖስተር ተለጠፈ፣ ሪፖርት ተላከ፣ አለቀ። አንዲት ታላቅ እህታችን ‹ይሄ ለወረቀት ነው፣ አትድከሚ› ብላኛለች። ደግሞስ ማታ ተረኞቹ ሁለት ነን። በየሁለት ሰዓቱ ማን ያገላብጣል?» — ነርሷ፣ ከሸዋ በር

መልስ፦ እህቴ፣ ታላቅሽ ያለምክንያት አልተናገረችም። ለወረቀት የሚሠራ ፕሮጀክት ሞልቷል። ሥልጠና፣ ሻይና ብስኩት፣ የቡድን ፎቶ፣ ሪፖርት። ትንሽ ቆይቶ ፖስተሩን ፀሐይ ያነጣዋል፣ ዋርዱ እንደነበረው ይቀጥላል።

ሥልጠና የሚጠቅመው ሰው ሳያውቅ ሲቀር ነው። በሽተኛ መገላበጥ እንዳለበት የማያውቅ ነርስ ደግሞ እኔ አላጋጠመኝም። ችግሩን አንቺው በመጨረሻዋ መስመር ጽፈሽዋል። ማታ ሁለት ሆናችሁ ማን ያገላብጣል? ፕሮጀክትሽ እሷ ጥያቄ ናት። ሌላውን ለጊዜው ተዪው።

ምንም ነገር ከመቀየርሽ በፊት ግን ቁጠሪ። አንድ ጠዋት ምረጪና ከአንዲት ጓደኛሽ ጋር ከመጀመሪያው አልጋ እስከ መጨረሻው ሂዱ። ከካርድ ላይ አትቁጠሩ፣ ከገላ ላይ ቁጠሩ። ካርዱ ላይ «ቆዳ፦ ደህና» የተባለለት ሰው አንሶላው ሲገለጥ ጉድ ይወጣል። የጭራ አጥንቱን፣ ዳሌውን፣ ተረከዙን፣ ቁርጭምጭሚቱን፣ የጆሮውን ጀርባ እዩ። የኦክስጅን ቱቦና ካቴተር (የሽንት ቱቦ) የሚያርፍበትን ቦታም አትርሱ።

መማሪያ መጻሕፍቱ የመጀመሪያ ደረጃ ቁስል መቅላት ነው ይላሉ። በጣት ተጭነሽ ስትለቂው የማይነጣ መቅላት። በፈረንጅ ቆዳ ላይ ይሄ በቀላሉ ይታያል። በእኛ ጠይም ቆዳ ላይ ግን ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ዓይንሽን ብቻ አትመኚ፣ በእጅሽ ዳሰስ አድርጊው። በዙሪያው ካለው ቆዳ ሞቅ ወይም ቀዝቀዝ ያለ፣ ጠጠር ወይም ላላ ያለ፣ ሲነካ የሚያም ቦታ ካገኘሽ ቁስሉ መንገድ ላይ ነው። ቀለሙም ከአካባቢው ጠቆር ብሎ ሊታይሽ ይችላል። እስኪላጥ ከጠበቅሽ ዘግይተሻል።

ከዚያ ሁለት ዓምድ አስምሪ። አንዱ ቁስሉን ይዘው ለገቡ፣ ሌላው እኛ ጋ ከተኙ በኋላ ለወጣባቸው። ገጠር ቤታቸው ለረጅም ጊዜ ተኝተው የመጡ አባት ቁስል የዋርዱ ጥፋት አይደለም። እዚህ የወጣው ግን የኛው ነው። ለምሳሌ 24 ሰው ተኝቶ 6ቱ ላይ ቁስል ቢገኝና ከስድስቱ 4ቱ እዚህ የወጣባቸው ቢሆኑ፣ ልትቀንሺው የምትችዪው አራቱን ነው። ይህን ለመለየት ግን አዲስ ታካሚ እንደገባ ቆዳው መታየት አለበት። ምናልባት የመጀመሪያው ለውጥሽ ይሄው ይሆናል።

ማን ላይ ማተኮር እንዳለብሽ ለመለየት የብሬደን መለኪያ አለልሽ። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ነው። ስድስት ነገር ያያል፦ ሕመም የመሰማት አቅም፣ የቆዳ እርጥበት፣ ከአልጋ መውረድ፣ በራስ መገላበጥ፣ አመጋገብ፣ ከአንሶላ ጋር መፋተግ። ድምሩ ከ6 እስከ 23 ይሄዳል። 18 እና ከዚያ በታች ያገኘ ሰው አደጋ ላይ ነው።

ሁለተኛው የምትቆጥሪው ነገር በሽተኛው በእርግጥ መገላበጡን ነው። እዚህ ላይ ቅጹን አትመኚ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ የተሞላ የማገላበጫ ቅጽ ስንት አይቻለሁ! ሂጂና በዓይንሽ እዪ። ማታ 4 ሰዓት ላይ በግራ ጎናቸው ነበሩ። 6 ሰዓት ላይስ? በቃ፣ እሱን ጻፊ። አንድ ሌሊት ብታድሪ ከቅጹ ክምር የበለጠ ይነግርሻል።

አሁን ወደ ዋናው። በእኛ አገር ዋርድ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋው አጠገብ የሚያድረው አስታማሚ ነው። ወለል ላይ አንጥፎ የሚተኛው፣ ሽንት የሚደፋው፣ አጥሚት የሚያጎርሰው እሱ ነው። የፕሮጀክት ዕቅድ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ስሙ የለም። ከውጭ በመጣው ናሙና ላይ ስለሌለ እኛም እንዘለዋለን። እኔ በበኩሌ አስታማሚን የዘለለ የነርሲንግ ማሻሻያ ዕቅድ ሲቀርብልኝ ሁለተኛውን ገጽ አልገልጥም።

አንድ ጊዜ ከተንታ የመጡ እናት ባላቸውን ያስታምሙ ነበር። ሰውየው ግራ ጎናቸው አይታዘዝም። ወደ ታች ሲንሸራተቱ እናት ብብታቸውን ይዘው ሽቅብ ይጎትቷቸዋል። ቆዳ የሚላጠው እንዲህ ሲጎተት ነው። አንድ አንሶላ ለሁለት አጥፈን ከወገባቸው ሥር አስገባን። አንዱን ጠርዝ እሳቸው፣ አንዱን እኔ ያዝን። «ቢስሚላህ» ብለው አነሱ፣ እኔም አነሳሁ። ጎተት የለም። ከዚያ ወደ ቀኝ ዘንበል አደረግናቸው። ሙሉ በሙሉ በጎን አይደለም፣ ያኔ ጫናው ሁሉ ዳሌ አጥንት ላይ ያርፋል። ወደ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ፣ ከጀርባ ትራስ ተደግፎ። ጋቢያቸውን አጣጥፈን ከባታቸው ሥር ስናደርገው ተረከዛቸው ከፍራሹ ተነሳ። «መዳፍዎን ከተረከዛቸው ሥር ያሳልፉ። ካለፈ ደህና ነው» አልኳቸው። በነጋታው ሳልፍ እናት ጎረቤት አልጋ ላይ ናቸው። «ኧረ እንደሱ አይደለም፣ ባቱ ሥር ነው እንጂ!» እያሉ ሌላዋን አስታማሚ ያሠለጥናሉ። የኔን ሥራ ሠሩልኝ።

በነገራችን ላይ ጓንት በውሃ ሞልተን ከተረከዝ ሥር የምናስቀምጥ አለን። ይቅርብን። ዓለም አቀፉ የአልጋ ቁስል መመሪያ አይመክረውም። መሐሉ ክፍት የሆነው የቀለበት ትራስም እንዲሁ፣ ጫናውን ጠርዙ ላይ ይሰበስበዋል። ቀልቶ የታየን ቦታ ማሸትም የደከመውን ሥጋ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ሦስቱንም ከታላላቆቻችን በፍቅር ነው የተማርናቸው። ለፍቅሩ አመስግነን እንተዋቸው።

ሰዓቱን በምን ያስታውሱ? አንድ አስታማሚ «በአዛን እናድርገው» ብሎኝ ነበር። ሐሳቡን ወደድኩት። ደሴ ላይ አዛን የማይሰማበት ዋርድ የት አለ? ግን ከዙህር እስከ አሱር ሦስት ሰዓት ያልፋል። ከኢሻ እስከ ሱብሂ ደግሞ ሌሊቱ በሙሉ ነው፣ የሚያስጨንቀን ደግሞ ሌሊቱ ነው። ስለዚህ ቀኑን በአዛን፣ መሐሉንና ሌሊቱን በስልክ አላርም አደረግነው። ጥቅሙ ሐሳቡ የራሳቸው መሆኑ ነው። ራሳቸው ያመጡትን ነገር አይረሱትም።

ይህን ስልሽ ሥራሽን ለአስታማሚ አስረክቢ ማለቴ አይደለም። አንቺ ታሳያለሽ፣ ሲያደርጉ ታያለሽ፣ ቆዳውን ራስሽ ትመረምሪያለሽ። አስታማሚ የሌለው በሽተኛ ሙሉ በሙሉ የናንተ ነው። ሁለታችሁም ማታ መጀመሪያ እሱ ጋ ሂዱ። ዳሌ አጥንት የተሰበረበትን፣ አከርካሪው የተጎዳውን ደግሞ አስታማሚ ብቻውን አይነካውም።

አጀማመርሽ ትንሽ ይሁን። አንድ አልጋ፣ አንድ አስታማሚ፣ አንድ ሌሊት። የጥራት ሥልጠና ላይ ፒዲኤስኤ የሚሉት ይሄው ነው፤ ታቅጃለሽ፣ ትሞክሪያለሽ፣ ታያለሽ፣ ትወስኛለሽ፣ ደግሞ ትጀምሪያለሽ። ጠዋት አስታማሚውን «የቱ ላይ ተቸገሩ?» በያቸው። «አላርሙ ጎረቤት ቀሰቀሰ» ካሉ ስልኩን ንዝረት ላይ አድርጉና ትራሳቸው ሥር ይቀመጥ። ሁለተኛው ሌሊት ይሻላል። ከዚያ ወደ ሦስት አልጋ፣ ከዚያ ወደ ክፍሉ። ዋርዱን በሙሉ በሰኞ ጠዋት ልቀይር ካልሽ እስከ ዓርብ ትደክሚያለሽ።

ቁጥሩን በየሳምንቱ በካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ አድርጊ። ኮምፒውተር አያስፈልግም። መሐለኛውን ቁጥር አውጥተሽ መስመር ጣይበት። ስድስት ተከታታይ ነጥብ ከመስመሩ በታች ከዋለ ነገሩ ዕድል አይመስልም፣ ለውጥ አለ። አንድ ጥሩ ሳምንት አይተሽ አትጨፍሪ፣ አንድ መጥፎ ሳምንት አይተሽም አትዘኚ። ወረቀቱን ዳይሬክተሩ ቢሮ ሳይሆን ነርሶች በሚቀመጡበት ለጥፊው። ሌላ የሚጎዳ ነገር እንዳልመጣም ተከታተይ። ስትገላብጡ የሚነቀል ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የገባው የመድኃኒት ቱቦ) በዛ? ከአልጋ የወደቀ ሰው አለ? መድኃኒት ዘገየ?

አመጋገብን አላነሳሁም፣ ግን ፕሮቲን ያጣ ገላ አይድንም። እንቁላልና ወተት፤ ጾም ከሆነም ምስርና ሽሮ ይጠቅማሉ።

ወደ ነርሶች አለቃዋ፣ ወደ ሜትሮኗ ስትሄጂ ሥልጠና አትጠይቂ። አንሶላና ፍራሽ ጠይቂ፣ ያውም ካሬ ወረቀቱን ይዘሽ። ቁጥር ይዞ የመጣን ሰው «እናያለን» ብሎ መመለስ ይከብዳል። ያቺ «አትድከሚ» ያለችሽን ታላቅሽን ደግሞ ቆጣሪ አድርጊያት። ቁስልን ከማንኛችሁም በላይ ታውቃለች። ደግሞም ራሷ የቆጠረችውን ቁጥር «ለወረቀት ነው» ማለት አትችልም።

ጥያቄ፦ «የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡ እንባላለን። አንድ ሲኒየር ግን በውጭ አገር በተሠራ ጥናት በአራት ሰዓት አንዴ ማገላበጥም ያው መሆኑ ተረጋግጧል አለኝ። የቱን ልከተል? እንዲህ ያለውን ጥናት ራሴ የማነበውስ ከየት ነው?» — ተማሪው፣ ከደሴ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሲኒየርህ አልዋሸም። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። በአሜሪካና በካናዳ የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማት ውስጥ ነው የተሠራው። ሰዎቹን በዕጣ ከፋፍለው በሁለት፣ በሦስትና በአራት ሰዓት አገላበጧቸው። በቁስል መጠን ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

ሲኒየርህ የዘለላት ነገር ግን አለች። ሁሉም የተኙት ጥቅጥቅ ባለ ጥራት ያለው የፎም ፍራሽ ላይ ነበር። አሁን ፕራክቲስ የምትወጣበት ዋርድ ሂድና እጅህን ከፍራሹ ሥር፣ በሽተኛው ወገብ አቅጣጫ አስገባ። የሰውየው አጥንት በፍራሹ አልፎ መዳፍህ ላይ ከተሰማህ የዚያ ጥናት ውጤት እዚያ አልጋ ላይ አይሠራም። ፍራሹ መሐሉ ከጎደጎደ፣ ሽፋኑ ከተቀደደ፣ ላስቲኩ ላብ ከያዘ፣ ሁለት ሰዓትህን ያዝ። ጥሩ ፎም ከመጣልህ ደግሞ ሌሊት ሰውን በየሁለት ሰዓቱ እየቀሰቀሱ እንቅልፍ መንሳት ግድ ላይሆን ይችላል። እሱም ቢሆን የየሰውየውን ቆዳ እያየህ ነው።

በመረጃ ላይ የተመሠረተ አሠራር ሲባል ሰው ጥናት ማንበብ ብቻ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 ዴቪድ ሳኬትና ባልደረቦቹ ሲያብራሩት ጥሩውን ጥናት ከባለሙያው ልምድ ጋር ማዋሐድ ነው አሉ፤ የታካሚውንም ፍላጎት አልረሱም። ጥናቱን ሲኒየርህ ነገረህ። ፍራሹን መዳፍህ ይነግርሃል። በሽተኛውን ራሱን ደግሞ ጠይቀው፣ በየትኛው ጎን መተኛት እንደሚቀለው እሱ ነው የሚያውቀው።

የት ታነባለህ ላልከው፣ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያዎች በነፃ ይወርዳሉ። ለእንደኛ ዓይነት አገሮች ደግሞ ሂናሪ የሚባል በር አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተ ነው። በገንዘብ የሚሸጡ የሕክምና መጽሔቶችን በተቋም በኩል ያስነብባል። የኮሌጅህን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የይለፍ ቃሉን ጠይቃቸው። ብዙ ጊዜ የይለፍ ቃሉ አለ፣ ጠያቂ ነው የሚጠፋው። ከነጠላ ጥናት በፊት ደግሞ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘኑትን የኮክሬን ግምገማዎች ፈልግ። «አንድ ጥናት አለ» ለሚልህ ሰው ሁልጊዜ መልስህ «የት፣ በማን ላይ፣ በምን ፍራሽ ላይ?» ይሁን።

ጥያቄ፦ «ሲስተር፣ ባለቤቴ በሰባት ወሯ ወለደች። ልጁ 1 ኪሎ ከ600 ግራም ነው። የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው፣ ሪፈር ተብለን ደሴ ገባን። ነርሶቹ ልጁን ራቁቱን ደረትሽ ላይ እሰሪው አሏት። አማቴ ‹ማሽን ስለሌላቸው ነው፣ የድሃ ሕክምና ነው› ብለው አዲስ አበባ እንውሰደው እያሉ ነው። እውነት ነው? እኔስ የማግዘው ነገር አለ?» — የልጅ አባት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችልዎ። ልጁን አላህ ያሳድግልዎ። ለእርስዎ በስልክ ወዲያው መልሻለሁ፤ እዚህ የምጽፈው ለሌሎቹ አባቶች ነው።

አማትዎ ጨርሶ አልተሳሳቱም። ይሄ ልጁን ደረት ላይ ማሰር፣ የካንጋሮ እንክብካቤ የምንለው፣ የተጀመረው በእጦት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ኤድጋር ሬይ የተባሉ ሐኪም የማሞቂያ ሳጥን አልበቃ ሲላቸው፣ አንዱ ሳጥን ውስጥ ሁለትና ሦስት ጨቅላ እየተኛ ኢንፌክሽን ሲያስቸግራቸው፣ ልጆቹን ለእናቶቻቸው ደረት ሰጡ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ሌላ ነው። ሳጥኑ ባለበት ቦታም ሲለካ ደረቱ በለጠ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን ልንገርዎ። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች ከ3,200 በላይ ጨቅላዎች ተካተቱበት። ክብደታቸው ከ1 ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ከ800 ግራም ያልሞላ። የእርስዎ ልጅ እዚህ መሐል ነው። ግማሾቹ እንደተወለዱ ደረት ላይ ዋሉ። ግማሾቹ መጀመሪያ በማሞቂያ እስኪረጋጉ ተጠበቁ። በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት ከመጀመሪያዎቹ 12 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 15.7 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ ግልጽ ስለነበር ጥናቱ ከጊዜው በፊት ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ያለጊዜያቸው ወይም በዝቅተኛ ክብደት ለተወለዱ ሁሉ ወዲያው ይጀመር፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይሁን አለ። ለድሃ አገር ብቻ አላለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልጁ ከዳይፐር፣ ከኮፍያና ከካልሲ በቀር ራቁቱን ይሆናል። በጡቶቿ መሐል ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ እግሩ እንደ እንቁራሪት ይከፈታል። ጭንቅላቱ ወደ አንድ ጎን ዞሮ አገጩ ትንሽ ቀና ይላል፤ ደረቱ ላይ ከተደፋ አየር ይዘጋበታል። ነጠላው እስከ ጆሮው ሥር ድረስ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። እናት ከፊል ቀና ብላ ትተኛለች። ጡት መሳብ ካልቻለ የታለበ የእናት ወተት በኩባያ ወይም በቱቦ ይሰጠዋል። ከእናት ወተት በቀር ምንም የለም፤ ቅቤ የለም፣ ውሃ የለም።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፣ ብርዱን እርስዎም ያውቁታል። ትንሽ ልጅ ሲበርደው ጉልበቱን ለመሞቅ ይጨርሳል፣ ለመተንፈስና ለመጥባት አይተርፈውም። ለሌላ ጊዜም ልንገራችሁ፣ ከኮምቦልቻ ሪፈር ተብላችሁ ሐረጎን ስትወጡ ልጁን በፎጣ ጠቅልላችሁ ብቻ አትያዙት። ደረት ላይ ይታሰር። መኪናው ብርድ ቢያስገባም ደረት አይቀዘቅዝም።

አዲስ አበባ? ሐኪሙ ሳያዝ አይሞክሩት። መንገዱ ራሱ ያዳክመዋል። እርስዎ የሚያግዙት ደግሞ አለ፣ ያውም ብዙ። ሸሚዝዎን ይፍቱና ልጁን ይያዙ። የአባት ደረትም ይሞቃል። ባለቤትዎ ምግብ ስትበላ፣ ስትታጠብ፣ አንድ ሰዓት ስታሸልብ ተራው የእርስዎ ነው። አማትዎም ተራ ይግቡ። አንዴ ልጁ ደረታቸው ላይ ሲያሸልብ ስለ ማሽኑ ማውራቱን የሚተዉ ይመስለኛል። መተንፈስ ሲከብደው፣ መጥባት ሲያቆም፣ ሲቀዘቅዝ፣ ከንፈሩ ሲጠቁር ወይም ሲያንቀጠቅጠው ግን ሳይውል ሳያድር ነርስ ይጥሩ።

ለሥራ ባልደረቦቼ አንዲት ቃል። ስለ ካንጋሮ ፕሮጀክት ስትሠሩ «ስንት እናቶች ጀመሩ» ብቻ አትቁጠሩ። በቀን ስንት ሰዓት እንደዋለ ቁጠሩ። ሁለት ሰዓት ብቻ ከሆነ እናቲቱን ከመውቀሳችሁ በፊት የምትቀመጥበትን እዩ። ደገፍ የምትልበት ወንበር አለ? ምሳ ማን ያመጣላታል?

ጥያቄ፦ «እናቴን ሳስታምም አንዲት ነርስ በአንድ ጓንት ከአልጋ ወደ አልጋ ስትሄድ አየሁ። ጓንት ካለ ምን ችግር አለው ብዬ ዝም አልኩ። ብናገርም የምትቀየም መሰለኝ። ትክክል ነኝ?» — አስታማሚዋ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እናትሽን አላህ ያሽርልሽ። ጓንት ነርሷን እንጂ እናትሽን አይጠብቅም፣ ካልተቀየረ። ከአንዱ አልጋ የያዘውን ወደ ሌላው ያደርሳል። ለአንድ በሽተኛ አንድ ጓንት ነው። ሲወልቅም እጅ ይታጠባል ወይም በአልኮል ይታሻል። ጓንት በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፣ ስናወልቀውም እጃችን ይነካል። በአልኮል ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በሳሙናና በውሃ ከሆነ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ኢግናዝ ሴመልቫይስ የተባለ ሐኪም፣ ተማሪዎችና ሐኪሞች ሬሳ መርምረው ወደ ወላዶች ክፍል ሲገቡ እናቶች በትኩሳት እንደሚያልቁ አስተዋለ። አዋላጆቹ ብቻ የሚሠሩበት ክፍል ሞቱ ያነሰ ነበር። እጅ በክሎሪን ውሃ ይታጠብ አለ። በሚያዝያ አካባቢ ወደ 18 በመቶ የነበረው ሞት ከሁለት ወር በኋላ ወደ 2 በመቶ ወረደ። ባልደረቦቹ ግን እጃችን ቆሸሸ ተባልን ብለው ተቀየሙ። የኛም ሰው እንደዚያው ነው፣ ስለ እጁ ሲነገረው ይቀየማል።

ስለዚህ አነጋገርሽን አለስልሺው እንጂ ዝም አትበዪ። «ሲስተር፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ለእናቴ አዲስ ጓንት ያድርጉልኝ» በቂ ነው። ብዙዎቻችን ደንገጥ ብለን እንቀይራለን። ጓንት አልቆ ከሆነም እሷው ትነግርሻለች፣ ያንን ደግሞ ለዋርዱ ኃላፊ ማድረስ ትችያለሽ። አንቺም ሽንት ደፍተሽ ስትመለሽ፣ ጎረቤት አልጋ ረድተሽ ስትመለሽ፣ እናትሽን ከማጉረስሽ በፊት ታጠቢ። ዋርዱ ውስጥ ሳሙና ከሌለ አንዲት ትንሽ ሳሙና ከቤት ያዢ። ስምሽን ጻፊባት፣ አለበለዚያ እስከ ማታ አትገኝም።